ቁጥሩን ተዉት፣ ልኩን ያዙ፦ የሚመች ልብስና ጫማ ከምትወዱት ሱቅ ለማግኘት

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። ጠዋት ሲቸኩላችሁ እጃችሁ ሳታስቡት የሚያነሳው አንድ ሱሪ አለ። አንድ ሸሚዝም አለ፣ ታጥቦ እስኪደርቅ የምትጠብቁት ዓይነት። እነሱን አውጡና አልጋ ላይ ዘርጉ። ሜትር ፈልጉ፣ ስልካችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። ጥሩ ግዢ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ሱቅ ይገባና «ሜዲየም ነው የምለብሰው» ይላል። ሻጩም ሜዲየም ያወጣለታል። ትከሻው ላይ ይጠባል፣ ወይ ሆዱ ላይ ይንቦረቀቃል። ከዚያ ሰውየው መስታወቱን አይቶ በልብሱ መናደድ ሲገባው በራሱ ሰውነት ያዝናል፣ «ወፍሬያለሁ መሰለኝ» እያለ ይወጣል። ኧረ አልወፈረም። ልብሱ ነው ለሌላ ሰው የተሰፋው።

ቁጥሩ ለምን አይታመንም?

ልብስ ላይ የተጻፈው ሳይዝ ሁሉም አምራች የተስማማበት ልኬት ይመስላል። አይደለም። አሜሪካኖች አንድ ወጥ ለማድረግ ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ተለኩ፣ ያንን መነሻ አድርጎም በ1958 የሴቶች ልብስ ሳይዝ ደረጃ ወጣ። አምራቾቹ ግን እንዲከተሉት የሚያስገድዳቸው አልነበረም፣ እየቆየም ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ፣ በ1983 ደረጃው ከነጭራሹ ተነሳ። ዛሬ ኤስ፣ ኤም፣ ኤል ማለት ያ አንድ ሱቅ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ብሎ የወሰነው ነው። ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ሌላ ወስኗል።

በዚያ ላይ ሽንገላም አለበት። ብዙ አምራቾች ቁጥሩን እንዳለ ትተው ልብሱን ቀስ በቀስ አሰፉት፣ ገዢው «ትንሹ ገባኝ!» ብሎ ደስ እንዲለው። በቤታችሁ ባለ ጂንስ ሞክሩት። መለያው 32 ይላል እንበል። 32 ኢንች ማለት 81 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወገቡን ዘርግታችሁ ስትለኩት 86 ብታገኙ አይግረማችሁ።

ሌላም አለ። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ብዙ ንብብር ሆኖ ተደራርቦ ነው በአንዴ የሚቆረጠው፣ ከዚያም በብዙ እጅ ይሰፋል። ሱሪ ወገቡ ጋ የሚገናኙ በርካታ ስፌቶች አሉት፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ብትዛነፍ ድምሩ አንድ ሴንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ መደርደሪያ ሁለት አንድ ዓይነት ሱሪ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር አንስታችሁ አንዱ ሲገባ ሌላው ሊጠብ ይችላል። አንዱ ካልሆነ ያንኑ ቁጥር ሌላውን ፍሬ ሞክሩት፣ በተለይ ቀለሙ የተለየ ከሆነ። ሻጩ ቢያጉረመርም ግድ የለም።

የምትወዱትን ልብስ እንዴት ትለካላችሁ?

ሸሚዙን ቆልፉትና ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ጀርባውን ወደታች አድርጋችሁ አስተኙት። እጥፋቱን በእጃችሁ አስተካክሉ፣ ግን አትሳቡት። ከአንዱ ብብት ስር ካለው ስፌት ወደ ሌላው ለኩ፣ በሁለት አባዙት። ይህ የደረቱ ዙሪያ ነው። ቀጥሎ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ ከትከሻ ስፌት እስከ እጅጌው ጫፍ፣ ከኮሌታው ስር እስከ ታችኛው ጠርዝ። አራት ቁጥር ነው፣ በቃ።

ሱሪ ትንሽ ይበዛል። ወገቡን፣ ዳሌው ሰፊ የሚሆንበትን፣ ጭኑን ከብሽሽቱ ስር (ሦስቱንም እንደ ደረቱ በሁለት አባዟቸው)፣ ከዚያ ከብሽሽት እስከ እግሩ ጫፍ ያለውን ቁመት። ሰው ሁሉ የሚረሳው አንድ ልኬት ደግሞ አለ፦ ከብሽሽቱ ስፌት በፊት በኩል ሽቅብ እስከ ወገቡ ጠርዝ። ሱሪ ወገቡም ዳሌውም ልክ ሆኖ ሳለ ስትቀመጡ የሚቆነጥጣችሁ፣ ወይም ጎንበስ ስትሉ ከኋላ የሚያጋልጣችሁ፣ ብዙ ጊዜ በዚህች ልኬት የተነሳ ነው። ምቾት የሚወሰነው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። ከጎኑ የሱቁን ስም፣ የሞዴሉን ስም፣ መለያው ላይ ያለውን ሳይዝ፣ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ። «ግራጫው ሱሪ፣ ወገብ 84፣ ዳሌ 104፣ ከብሽሽት እስከ ወገብ 27፣ ጥጥ 98 ፐርሰንት ላይክራ 2» በምትል አንዲት መስመር ሱቅ ውስጥ ግማሹን ድካም ትገላገላላችሁ። ሜትር በቦርሳ መያዝ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ቁራጭ ክር ላይ ቋጠሮ አድርጋችሁ መያዝም ይቻላል። እኔ ሜትሩን ነው የምይዘው፣ ሰው ቢያየኝ አይገደኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትሸወዱ። ሱቆች በድረ ገጻቸው የሚለጥፉት የልኬት ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሰውነት ልኬት ነው እንጂ የልብሱ አይደለም። «ደረት 96» ካለ፣ ደረቱ 96 ለሆነ ሰው ማለት ነው። ልብሱ ራሱ ሲለካ ከዚያ ይሰፋል፣ መተንፈሻና መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋልና። በጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ደረት ላይ ከሰውነት ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር ቢበልጥ አብዛኛው ሰው ይመቸዋል። የሚለጠጥ ቲሸርት እኩል ሆኖም ይመቻል። ከሹራብ በላይ የሚደረብ ኮት ደግሞ ከሸሚዙም በላይ መስፋት አለበት። ስለዚህ ሰንጠረዡን ስታነቡ የየትኛው ልኬት እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ፣ ካልተጻፈ ጠይቁ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ወይ የማይገባው፣ ወይ የሚዋኝበት ልብስ ነው የሚደርሰው።

ጨርቁ ምን ይላል?

ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሿን ወረቀት አንብቡ። ኤላስታን ወይም ላይክራ የሚል ካለበት ይለጠጣል። ሁለት ወይም ሦስት ፐርሰንት ለጂንስ በቂ ነው። ብዙ ሲሆን መጀመሪያ ደስ ይላል፣ እያደር ግን ጉልበቱ ላይ ይነፋል፣ ወገቡም ይላላል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ጨርቁን በሁለት እጅ ጎትቱና ልቀቁት። ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ፣ ተወጥሮ ከቀረ ከሁለት ሰዓት መቀመጥ በኋላ ሱሪያችሁ ምን እንደሚመስል አሁኑኑ አይታችሁታል ማለት ነው።

የሚለጠጥ ሱሪ ሲገዛ ትንሽ ጠበቅ ያለ ይሁን። መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ ጂንስ ወገቡ ሲለበስ በመጠኑ ይሰጣል፣ ግን ሲታጠብ ቁመቱ ይሰበሰባል። ፋብሪካ ውስጥ አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ያልተደረገ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት አምስት ፐርሰንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያጥር ይችላል። 80 ሴንቲሜትር የነበረ የሱሪ እግር አምስት ፐርሰንት ቢሰበሰብ አራት ሴንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው፣ ቁርጭምጭሚት ያሳያል። ለዚህ ነው ሱሪ ከማሳጠራችሁ በፊት አንድ ጊዜ እጠቡት የምለው። ልብስ ሰፊው ጋ በአዲስነቱ ወስዳችሁ ልክ ካስደረጋችሁት እጥበቱ ተጨማሪ ይቆርጥላችኋል።

ሱፍ በሙቅ ውሃ አይነካም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ቪስኮስም (ከእንጨት የሚሠራው ለስላሳ ጨርቅ) ከውሃ ጋር ጠበኛ ነው። ፖሊስተር አይሰበሰብም፣ ግን ላብ አይመጥም። ለሚሞቅበት ቦታ ጥጥና ሊነን ይሻላል፣ ሊነን መጨማደዱን ከታገሳችሁት።

መሞከሪያ ክፍል ውስጥ

ቆማችሁ መስታወት ማየት ምንም አይነግራችሁም። ቆሞ የማያምር ልብስ የለም። ተቀመጡ። ወንበር ከሌለ ቁጢጥ በሉ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ እንደምታወርዱ ሁሉ። ደረታችሁ ላይ እጃችሁን አጣጥፉና ራሳችሁን እቀፉ፣ ጃኬት ጀርባው ላይ የሚፈነዳ ከመሰላችሁ ይጠባል። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ተራመዱ። እነዚህን ሁሉ ስታደርጉ ልብሱን ለማስተካከል እጃችሁ ከሄደ፣ እቤትም ቀኑን ሙሉ ስትጎትቱት ነው የምትውሉት።

ከዚያ ጨርቁ ላይ ያለውን መጨማደድ ተመልከቱ። ይህ ጥሩ መምህር ነው። ሸሚዝ ስትቆልፉ ከአንዱ ቁልፍ ዙሪያ በአራት አቅጣጫ የሚሄድ የመስቀል ቅርጽ ያለው መጨማደድ ከታየ፣ እዚያች ጋ ጨርቁ አንሷል። ሴቶች ደረት ላይ፣ ወንዶች ሆድ ላይ ነው የሚያዩት። ሱሪ ላይ ከብሽሽት ወደ ጭን በአግድም የሚሰነጠቅ መስመር ካለ ጭኑ ወይም ዳሌው ይጠባል። ከቂጥ ስር ጨርቅ ተንጠልጥሎ ከታጠፈ ደግሞ በዝቷል። ጀርባ ላይ ከአንገት ስር እንደ ጥቅል የሚነባበር ካለ ኮቱ ትከሻው ከናንተ ትከሻ ጋር አልተስማማም። መጨማደዱ ወደየት እንደሚያመለክት ተከተሉት፣ ችግሩ ያለው እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

ለትከሻ አትደራደሩ። ስፌቱ የትከሻችሁ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት (ሆን ተብሎ እንዲወርድ የተሠራ ፋሽን ካልሆነ በቀር)። ምክንያቱም ልብስ ሰፊ ብዙ ነገር ያስተካክላል፦ እግር ያሳጥራል፣ እጅጌ ያሳጥራል፣ ወገብ ከኋላ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያጠባል፣ ጎኑን ይይዛል። ትከሻ ሲባል ግን ልብሱን መፍታት ነው፣ ውጤቱም አያስተማምንም። የብብቱን መግቢያ ማስፋት፣ ከብሽሽት እስከ ወገብ ያለውን ማስረዘም፣ እነዚህም እንዲሁ። ማስፋት ደግሞ የሚቻለው ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ነው። ገልብጣችሁ እዩት። ብዙ የዘመኑ ልብሶች ውስጥ ጫፉ ከስፌቱ ጋር ተቆርጦ ስለሚቀር የሚለቀቅ ነገር የለም።

መመሪያው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰውነታችሁ ሰፊ የሆነበትን ቦታ የሚያስገባ ልብስ ግዙና ሌላውን በልብስ ሰፊ አስጠብቡት። ዳሌያችሁ ከወገባችሁ ጋር ሲተያይ ሰፋ የሚል ከሆነ ሱሪውን በዳሌያችሁ ግዙ፣ ወገቡ ይጠባል። በወገብ ገዝቶ ዳሌን ማሰቃየት ዋጋ የለውም።

ስለ ጡት ማስያዣ አጭር ነገር ልበል። ክብደቱን መሸከም ያለበት ዙሪያው ነው እንጂ ትከሻ ላይ የሚያልፈው ማንጠልጠያ አይደለም። አዲስ ሲሆን በመጨረሻው፣ ማለትም በጣም ላላ በሚለው መያዣ ልክ መሆን አለበት፣ እያደር ሲለጠጥ ወደ ውስጥ እያጠበቃችሁ ትሄዳላችሁ። ትከሻችሁ ላይ ጎድጎድ የሚል ምልክት የሚተው ከሆነ ዙሪያው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጫማ

ልብስ ቢሳሳት ያስጠላል፣ ጫማ ቢሳሳት ግን ያማል። ስለዚህ ጫማ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

እግራችሁን ማታ ለኩት። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ሲራመድ ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ አመሻሽ ላይ ይቆነጥጣል። ሱቅም ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ወረቀት ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ መሬት ላይ አድርጉ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳውን አስነክታችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ቁሙበት። ተቀምጣችሁ አትለኩ፣ እግር ሲቆሙበት ይዘረጋል። ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ጣት አውራ ጣት ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው ሁለተኛው ጣቱ ይረዝማል። የሁለቱንም እግር ለኩ፣ ቀኝና ግራ እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነው። የምትገዙት ለትልቁ ነው፣ ለትንሹ ንጣፍ ይደረግለታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአውሮፓ ቁጥር፣ ማለትም 38፣ 40፣ 42 የምንለው፣ እያንዳንዱ ቁጥር የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፣ 6.7 ሚሊሜትር ገደማ። ስለዚህ 40 ቁጥር የተሠራበት ቅርጽ ርዝመቱ ወደ 26.7 ሴንቲሜትር ይሆናል። እግራችሁ 25.2 ከሆነ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ትርፍ አላችሁ፣ ጥሩ ነው። ከጣት ፊት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፣ እግር ሲራመድ ወደፊት ይገፋልና። የእንግሊዝና የአሜሪካ ቁጥር ግን አንዱ ከሌላው የሚለየው በኢንች አንድ ሦስተኛ ነው፣ 8.5 ሚሊሜትር አካባቢ። ሁለቱ ስንዝራቸው የተለያየ ስለሆነ የመቀየሪያ ሰንጠረዦች መቼም በትክክል አይገጥሙም፣ አንዱ ሰንጠረዥ 8 የሚለውን ሌላው 8 ተኩል ይለዋል። መፍትሔው ሴንቲሜትሩን መፈለግ ነው። ብዙ ጫማዎች ምላሱ ወይም ካርቶኑ ላይ ሲኤም የሚል ተጽፎባቸዋል። እሱን እዩ።

ርዝመት ግን ግማሽ ታሪክ ነው። በ1920ዎቹ ቻርልስ ብራኖክ የሚባል አሜሪካዊ የሠራው፣ እስካሁንም ጫማ ቤቶች የሚጠቀሙበት የብረት መለኪያ ሦስት ነገር ይለካል፦ ከተረከዝ እስከ ጣት፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ፣ እና ስፋት። ሁለተኛው ላይ ላፍታ ቆም ልበል። ጫማ የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ እግራችሁም የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ርዝመቱ ልክ ቢሆንም ጫማው ከእግራችሁ ጋር ይጣላል። ጫማውን በእጃችሁ ያዙና ጫፉን ወደ ላይ ግፉት። ከጣቶች ስር፣ ሰፊው ክፍል ጋ መታጠፍ አለበት። መሐሉ ላይ ከታጠፈ አስቀምጡት። ጨርሶ ካልታጠፈም እንዲሁ።

ስፋቱን ለማየት የምወደው ዘዴ ይኸውላችሁ። የውስጡ ንጣፍ የሚወጣ ከሆነ አውጡትና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። እግራችሁ ከንጣፉ ጠርዝ ከወጣ፣ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል፣ ጫማው ውስጥ ያንን የወጣውን ሥጋ እየጨመቀ ነው የሚሄደው። ንጣፉ የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ቤት ስትለኩ የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ አስምራችሁ፣ ወረቀቱን ቆርጣችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሱቅ ውስጥ ጫማው ሶል ላይ ታደርጉታላችሁ። ወረቀቱ ከሶሉ ከሰፋ መሞከርም አያስፈልግም።

«ሲያደርጉት ይሰፋል» የምትለዋን የሻጭ ቃል በጥንቃቄ ስሙ። ግማሽ እውነት አላት። እውነተኛ ቆዳ በወርዱ ትንሽ ይሰጣል። በርዝመቱ ግን አይሰጥም። ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው የሚቀረው። ስለዚህ የቆዳ ጫማ ጎኑ ጠበቅ ቢል መታገስ ይቻላል፣ ጣት ከፊት ከነካ ግን ዛሬም ነገም ይነካል። ሱቅ ውስጥ የሚያም ጫማ መንገድ ላይ አይሽርም።

ተረከዝ ደግሞ መያዝ አለበት። አዲስና ደረቅ ቆዳ ላይ በጣም ትንሽ መንሸራተት ያለ ነው፣ ሶሉ ሲለምድ ይቀንሳል። ጉልህ ሆኖ ከወጣና ከገባ ግን ይልጣችኋል። ስኒከር ላይ የሚሠራ መላ አለ፦ ከላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ባዶ ናት። ክሩን ወደ ማዶ ሳታሻግሩ በዚያው በኩል ወደ እሷ አስገቡት፣ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ክር በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሾልካችሁ ሳቡና እሰሩ። ተረከዙ ጠበቅ ብሎ ይያዛል፣ ጣቶች ነፃ ይሆናሉ። ቁጥር ከማሳነስ ይህ ይሻላል።

ታኮ ጫማ የራሱ ጠባይ አለው። ከፍ ባለ ቁጥር የሰውነት ክብደት ወደ ጣቶች ይሄዳል፣ እግርም ወደፊት ይንሸራተታል፣ ከኋላ ባዶ ቦታ ይታያል። ያን ባዶ ቦታ አይታችሁ ትንሽ ቁጥር አትውሰዱ፣ ጣት መጨመቅ ነው ትርፉ። ይልቅ ከላይ የሚይዝ ማሰሪያ ያለውን ምረጡ። ታኮው ወፈር ካለ መቆም ይቀላል። ስትሞክሩም ምንጣፍ ላይ ብቻ አትራመዱ፣ ባዶ ወለል ፈልጉ። ምንጣፍ ሁሉንም ጫማ ለስላሳ ያደርገዋል።

ለሩጫ የሚሆን ከሆነ ከዕለት ጫማችሁ ግማሽ ቁጥር ከፍ ማለት የተለመደ ነው። ካልሲውንም ያንኑ የምትሮጡበትን ይዛችሁ ሂዱ።

ሱቁ ራሱ

ስለ አንድ ሱቅ «ልብሱ ይሆነኛል» ስትሉ ዕድል አይደለም። እያንዳንዱ አምራች ልብሱን የሚቀርጸው አንድ የመረጠውን ሰውነት መነሻ አድርጎ ነው። ከዚያ ሌሎቹን ሳይዞች በሒሳብ ያሰፋል ያጠባል። ያ መነሻ ሰውነት ከናንተ ጋር ከተቀራረበ ሱሪውም ቀሚሱም ይሆናችኋል፣ ከራቀ ደግሞ ሳይዝ ብትቀያይሩ ትርጉም የለውም፣ የተሳሳተው ቅርጹ ነውና። ጫማም እንዲሁ ነው፣ በየድርጅቱ ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ይለያያል። ለዚህ ነው ብዙ ሱቅ ከማዳረስ የሚሆኗችሁን ሁለት ሦስት ሱቆች ለይታችሁ መያዝ የሚሻለው። ለሱሪ አንድ፣ ለሸሚዝ አንድ፣ ለጫማ አንድ። አንድ ሱቅ ሁሉን ያሟላልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሻጮቹን ተዋወቁ። በተለይ ዕቃ የሚመለስበት ጠረጴዛ ላይ የሚቆሙትን። «ከዚህ ሱቅ የትኛው ሞዴል ነው ጠቦ የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ምን እያለ እንደሚመልስ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲስ ዕቃ መቼ እንደሚገባም ጠይቁ፣ ሁሉም ሳይዝ የሚገኘው ያን ሰሞን ነው። ቅናሽ ሲጀመር የሚተርፈው ዳርና ዳር ያለው ሳይዝ ነው፣ አንድ ቁጥር ያነሰ ጫማ ደግሞ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አንድ ቁጥር ያነሰ ነው።

የምትወዱት ሱቅም ይቀየራል። ፋብሪካ ይቀይራል፣ ጨርቅ ይቀይራል፣ ያው ስም ያለው ስኒከር አዲስ እትም ሲወጣለት ፊቱ ይጠባል። «ከዚህ በፊት ገዝቼዋለሁ» ብላችሁ ሳትሞክሩ አትውሰዱ።

ልክ የሆነ ነገር ሲገኝ ሁለት ሦስት መግዛት? ልብስ ከሆነ እኔ አደርገዋለሁ፣ የዘወትር ሱሪና ቲሸርት ላይ። ጫማ ላይ ግን አልመክርም። የአንዳንድ ጫማ ሶል የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር በአየር እርጥበት እየተበላ ይሄዳል። ሳይደረግ ካርቶን ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጫማ አንድ ቀን ሲወጣ ሶሉ እጅ ላይ ሊፈረፈር ይችላል። እግራችሁም አይጠብቃችሁም፣ በዕድሜና በእርግዝና ይረዝማል፣ ይሰፋል።

በኦንላይን ስትገዙ

ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቀሚሱ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ በፎቶ ሥራ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከፎቶው ይልቅ የገዢዎችን አስተያየት አንብቡ። ሁሉንም አይደለም። «በጣም ቆንጆ ነው» የሚል ምንም አይጠቅማችሁም። ቁመቱንና ክብደቱን ጽፎ የትኛውን ሳይዝ እንደወሰደ የሚናገር ሰው ፈልጉ፣ ከናንተ ጋር የሚቀራረብ ካገኛችሁ ወርቅ ነው። ብዙ ሰው «ጠባብ ነው» እያለ ከደጋገመ እመኑት።

ከዚያ ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁትን ልኬት አውጥታችሁ ከልብሱ ልኬት ጋር አስተያዩ። ካልተጻፈ ሱቁን ጠይቁ፦ «የዚህ ሱሪ ወገቡና ከብሽሽት እስከ ወገብ ያለው ተዘርግቶ ሲለካ ስንት ነው?» ጥሩ ሱቅ ለክቶ ይነግራችኋል። መመለስ በነጻ ከሆነ ሁለት ተከታታይ ሳይዝ አዝዙና አንዱን መልሱ። በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፣ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ፣ በቅናሽ የተገዛ ዕቃ ጨርሶ የማይመልሱም አሉ።

ዕቃው ቤት ሲደርስ ቶሎ ታጉን አትበጥሱ፣ ሽቶም አትቀቡ። ልብሱን ከምታደርጉት ጫማና ከምትደርቡት ጋር ሞክሩት። ጫማውን ደግሞ ማታ ላይ ካልሲ አድርጋችሁ ንጹሕ ወለል ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ልበሱት፣ የቤት ሥራችሁን እየሠራችሁ። ስታወልቁ ካልሲውንም አውልቁና እግራችሁን እዩ። ከካልሲው መስመር ውጪ ጣት ጎን ላይ፣ ተረከዝ ላይ ወይም የእግር ጀርባ ላይ የቀላ ምልክት ካለና ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ፣ ጫማውን ከነወረቀቱ ወደ ካርቶኑ መልሱትና ደረሰኙን ይዛችሁ በማግስቱ ሱቁ ጋ ሂዱ።